ምዕራፍ ስድስት፦ ከቻርጅ ፒኑ በፊት የሚመረመረው

በመርካቶ የሞባይል ጥገና ጠረጴዛዎች ላይ «ፒኑ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚቀርብ ስልክ ሁሉ ፒኑ የተበላሸ አይደለም። የቻርጅ ፒን የሚባለው በስልኩ ግርጌ ያለው የብረት አፍና በውስጡ የተደረደሩት ጥቃቅን የመገናኛ እግሮች ሲሆኑ፣ ከግድግዳው ሶኬት አንሥቶ እስከ ባትሪው በሚዘልቀው የኤሌክትሪክ መንገድ ላይ ከስልኩ አካል ለዓይን የሚታየውና እጅ የሚደርስበት ይህ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ከእርሱ በፊትም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተፈጠረ ጉድለት ሁሉ በእርሱ ይላከካል። ደንበኛው «ፒን ቀይርልኝ» ብሎ ያዛል፤ ባለሙያውም ወረፋ ስላለበትና የሚከፈለው ለተቀየረው ዕቃ ስለሆነ ይቀይራል፤ ጉድለቱ ሌላ ቦታ ከነበረ ግን ስልኩ ያንኑ ችግር ይዞ ይመለሳል። ይህ ምዕራፍ ጉድለቱ በየትኛው የመንገዱ ክፍል ላይ እንደሚገኝ፣ ስልኩ ከመከፈቱና የመበየጃው ብረት ከመሞቁ በፊት፣ በምን ቅደም ተከተል ሊለይ እንደሚችል ያስረዳል።

ለመርካቶ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ አሁን ባለበት ስፍራ ከተተከለ በኋላ ለብዙ ዘመን የነጋዴው መሣሪያ ሚዛን፣ ሜትርና የሒሳብ ደብተር ነበር። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ስልክ ተጨመረበት፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልኩ ራሱ የገንዘብ መሳቢያ እየሆነ መጥቷል። ስልኩ የጠፋበት ነጋዴ የተላከለትን ክፍያ ማረጋገጥ አይችልም፤ ሸክሙን አውርዶ ዋጋውን በስልክ የሚቀበል ሰው ደግሞ ከነጋዴው ይልቅ ይጎዳል፤ ሁለተኛ ስልክ የለውምና።

ስፍራውም ለፒን የሚራራ አይደለም። በበርበሬ በረንዳ የሚነሣው የቅመም ብናኝ፣ በእህል በረንዳ የሚንሳፈፈው የዱቄትና የገለባ ትቢያ፣ በሸማ ተራ ከጥጡ የሚረግፈው ብን ሁሉ በኪስ በኩል አድርጎ በስልኩ ግርጌ ወዳለው ክፍት አፍ ይገባል። ብናኞቹ የሚያደርሱት ጉዳት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የጥጥና የልብስ ብን ገመዱ በተሰካ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተገፋና እየተጠቀጠቀ በአፉ ወለል ላይ ጠንካራ ንጣፍ ስለሚሠራ፣ የገመዱ ራስ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል፤ እግሮቹን ግን አይበላቸውም። ጨው ያለበት ብናኝ ደረቅ ሳለ ብዙ አይጎዳም፤ የክረምት እርጥበት ወይም የእጅ ላብ ሲያገኘው ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ልጥፍ ስለሚሆን፣ መገናኘት የሌለባቸውን እግሮች ያገናኛል፤ ብረቱንም ያዝጋል።

አንድ አፍ፣ ሁለት ሥራ

ፒኑ የሚያከናውናቸው ሥራዎች ሁለት ናቸው፤ ኃይል ያስገባል፣ መረጃ ያስገባል ያስወጣልም። በብዙ አሮጌና ርካሽ ስልኮች ላይ ያለው ማይክሮ ዩኤስቢ 5 እግሮች አሉት። አንዱ 5 ቮልት የሚገባበት ሲሆን፣ ሌላው ግራውንድ የሚባለው የመመለሻ እግር ነው፤ ሁለቱ ዲ ፕላስና ዲ ማይነስ የተባሉ የመረጃ እግሮች ናቸው፤ አምስተኛው አይዲ ይባላል። አይዲ የተባለው እግር ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ ስልኩ ፍላሽ ወይም ኪቦርድ የተሰካበት ይመስለውና ኃይል ከመቀበል ይልቅ ወደ መስጠት ይዞራል። በዚህም የተነሣ በአይዲና በግራውንድ መካከል የገባ አንዲት የዝገት ቅንጣት፣ ሌሎቹ አራት እግሮች ሙሉ ጤነኞች ሆነው ሳለ፣ ስልኩ ቻርጅ እንዳያደርግ ልታደርገው ትችላለች፤ በማጽዳት ብቻ የሚድነው ይህ ብልሽት ብዙ ጊዜ ፒን ያስቀይራል።

ዝርዝር መግለጫው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ታይፕ ሲ ደግሞ 24 እግሮችን በሁለት ረድፍ፣ 12 ከላይ 12 ከታች፣ የያዘ ሲሆን ገመዱ በየትኛውም ገጹ ቢሰካ እንዲሠራ የተነደፈ ነው። ከእነዚህ መካከል ለጥገና ባለሙያ ከሁሉ በላይ አስፈላጊዎቹ ሲሲ አንድና ሲሲ ሁለት የተባሉት ናቸው። ቻርጅ የሚደረገው ዕቃ በእያንዳንዳቸው ላይ 5.1 ኪሎ ኦም የሆነ ተከላካይ፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት በልክ የሚያግድ ጥቃቅን አካል፣ ሊኖረው ይገባል፤ ታይፕ ሲ አፍ ያለው ቻርጀር ይህንን ተከላካይ እስኪያገኝ ድረስ ኃይል አይለቅም። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው የሲሲ ሽቦ አንድ ብቻ በመሆኑ ገመዱ በአንድ ገጹ ሲሰካ ሲሲ አንድን፣ ሲገለበጥ ሲሲ ሁለትን ይነካል። ስልክ በአንድ ገጽ ብቻ ቻርጅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ገመዱ ተቀይሮም ነገሩ ካልተለወጠ፣ ከሁለቱ የሲሲ እግሮች አንዱ መሰበሩን ወይም መቆሸሹን ያለ ምንም መሣሪያ ማወቅ ይቻላል።

በመርካቶ ሱቆች በብዛት የሚሸጡ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫዎች፣ የእጅ ባትሪዎችና የፀጉር መላጫዎች ታይፕ ሲ አፍ ቢኖራቸውም አንዳንዶቹ ይህ 5.1 ኪሎ ኦም ተከላካይ ሳይገጠምላቸው ከፋብሪካ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ፈጽሞ ቻርጅ አያደርግም፤ አንድ ጫፉ ሰፊው የቀድሞ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ግን ያለ ችግር ይሞላል፤ አሮጌው የቻርጀር ራስ 5 ቮልቱን ሳይጠይቅ ስለሚለቅ ነው። ገዢው የተበላሸ ዕቃ እንደተሸጠለት አምኖ ከነጋዴው ጋር ይጣላል፤ ገመድ መቀየር ግን ክርክሩን ይጨርሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ታይፕ ሲ እንዲኖራቸው ካስገደደና አፕልም በ2023 በአይፎን 15 ወደዚሁ ከዞረ በኋላ አንድ ገመድ ለሁሉም ይበቃል የሚል እምነት ተስፋፍቷል። የአፉ ቅርጽ አንድ መሆን ግን በውስጡ ያለው ሥራ አንድ መሆኑን አያረጋግጥም።

ኃይልና መረጃ በተለያዩ እግሮች የሚሄዱ መሆናቸው ለመርማሪው ትልቅ ዕድል ነው። ስልኩ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ከታወቀ፣ ፋይልም ከተላለፈ፣ ነገር ግን ባትሪው አልሞላ ካለ፣ የፒኑ ዋና ዋና እግሮች ደኅና መሆናቸውን ስልኩ ራሱ መስክሯል፤ ጥርጣሬው ወደ ባትሪው ወይም ቻርጅ አይሲ ወደሚባለው፣ የሚገባውን ኃይል መጥኖ ለባትሪው ወደሚያቀብለው ቺፕ ይዞራል። በተቃራኒው ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ የማያውቀው ስልክ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ገመዱን ነው፤ የመረጃ ሽቦ የሌላቸው፣ ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ገመዶች በገበያው ሞልተዋልና። ገመዱ ደኅና ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው የስልኩ ቅንብር ነው። ከአንድሮይድ 6.0 ወዲህ ስልኮች ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ ባለቤቱ ራሱ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን ካልመረጠ በቀር ቻርጅ ብቻ እንዲያደርጉ ተደርገዋል፤ ሙዚቃና ፊልም በሚጫንባቸው ሱቆች «ፒኑ ዳታ አያነብም» ተብለው ከሚመለሱት ስልኮች መካከል በዚህ ምክንያት ብቻ የሚመለሱ አሉ።

ሁለቱ ሥራዎች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው ማለት ግን አይደለም። መደበኛው የቻርጀር ራስ ዲ ፕላስንና ዲ ማይነስን በውስጡ እርስ በርስ ያገናኛቸዋል፤ ስልኩም ይህንን ግንኙነት ሲያገኝ ከግድግዳ ሶኬት ኃይል እየተቀበለ መሆኑን ተረድቶ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ካላገኘ ግን ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ መስሎት ራሱን በ0.5 አምፔር አካባቢ ይገድባል። በዚህም ምክንያት መረጃ የማያነብና በዝግታም የሚሞላ ስልክ ሁለት ብልሽት ላይኖርበት ይችላል፤ አንዲት የመረጃ እግር ብቻ ሁለቱንም ምልክቶች ታመጣለች።

ስልኩ ሳይከፈት

የምርመራው ትክክለኛ መነሻ ከስልኩ ውጭ ነው። በገመዱና በስልኩ መካከል የሚሰካው ትንሹ የዩኤስቢ መለኪያ፣ በአንድ ጊዜ ቮልቱንና አምፔሩን የሚያሳየው፣ በጥገና ጠረጴዛ ላይ ካሉ መሣሪያዎች ሁሉ ዋጋውን ቶሎ የሚመልስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቮልቱ 5 አካባቢ ሆኖ አምፔሩ ዜሮ ከሆነ ኃይሉ ስልኩ ደጃፍ ደርሶ አልገባም ማለት ነው፤ አምፔሩ ከፍ ብሎ ቮልቱ ከ4.5 በታች ከወረደ ግን ጉድለቱ ከገመዱ ወይም ከቻርጀሩ ራስ ነው። የገመዱ ሚና በቀላል ሒሳብ ይታያል፦ ሽቦው ከመቅጠኑ የተነሣ ግማሽ ኦም የሚከላከል ገመድ 2 አምፔር ሲያልፍበት 1 ሙሉ ቮልት በመንገድ ላይ ያስቀራል፤ 5 ቮልት ተልኮ ስልኩ ዘንድ የሚደርሰው 4 ነው፤ በዚህ ቮልት ሊቲየም ባትሪን እስከ ጫፉ መሙላት አይቻልም። ስልኩም የሚስበውን እየቀነሰ በዝግታ ይሞላል ወይም ያቆማል።

ስልኩ ቻርጅ ላይ ሳለ ስክሪኑ ሳይነካ የሚከፍት የሚዘጋ ከሆነ ወይም የብረት ጠርዙ ጣትን የሚነዝር ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የኃይል ማጣሪያው በደንብ ያልተሠራ ኮፒ ቻርጀር ነው፤ ፒኑን መቀየር ለዚህ ምንም አይረዳም፤ የሚነዝረውን ቻርጀር ከሶኬቱ ነቅሎ ዳግመኛ አለመጠቀም ግን ለሕይወትም የሚበጅ ጥንቃቄ ነው፤ በሌላኛው ጫፉ ያለው 220 ቮልት ነውና። ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ የቆየ ስልክም ቻርጅ ላይ ከዋለ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ድረስ ብዙ ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል፤ እጅግ የወረደ ባትሪ መጀመሪያ በጥቂቱ ብቻ እንዲሞላ ስለተደረገ ነው፤ የቸኮለ መርማሪ ይህንን ዝምታ ሞት አድርጎ ይወስደዋል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ግን መጠበቅም መሞከርም አይገባም፤ ያበጠ ባትሪ ከሁሉ አስቀድሞ መውጣት አለበት።

ገመዱ የሚላላ፣ በተነካ ቁጥርም የሚቋረጥ ከሆነ የሚያስገርም የሚመስል፣ ነገር ግን ከንድፉ የሚመነጭ አንድ እውነት መታወስ አለበት። በማይክሮ ዩኤስቢም ሆነ በታይፕ ሲ መያዣው የብረት መንከሻ የተሠራው በገመዱ ራስ ላይ ነው፤ ንድፍ አውጪዎቹ መላላቱ በርካሹ ዕቃ ላይ እንዲደርስ ፈልገው አድርገውታል፤ ሁለቱም ዓይነቶች 10,000 ጊዜ መሰካትና መነቀልን እንዲችሉ ታስበው የተነደፉ ናቸው። ስለዚህ ለላላ ግንኙነት የመጀመሪያው መድኃኒት አዲስ ገመድ ነው። አዲሱም ገመድ ከላላ የገመዱ ራስ እስከ ትከሻው መግባቱን በብርሃን ማየት ይገባል፤ በስልኩና በገመዱ ራስ መካከል ክፍተት ከታየ ከወለሉ ላይ የተጠቀጠቀ ብን አለ ማለት ነው።

ለማጽዳት ስልኩ መጥፋት አለበት። መርፌና ስፒል እግሮቹን ያጣምማሉ፣ ያገናኛሉም፤ በቢላ ተስሎ የቀጠነ ስቴክኒ ግን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍና ከብረቱ ስለሚለሰልስ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው፤ በታይፕ ሲ አፍ መካከል ያለችውን ምላስ ሳይነቀንቅ በጠርዝ በጠርዙ እየተጫረ ብኑ ይወጣል። በአፍ እፍ ማለት በየጠረጴዛው የተለመደ ቢሆንም እርጥበት ወደ ውስጥ ይነፋል። ዝገት ወይም ልጥፍ ካለ በለስላሳ ብሩሽ አይሶፕሮፒል አልኮል ይቀባል፤ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ግን ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለዚህ አይመረጥም።

ውሃ የገባበት ፒን የተለየ ጉዳይ ነው። አዳዲስ ስልኮች በእግሮቹ መካከል ያለው እርጥበት ሲሰማቸው ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ፤ ይህንን ማስጠንቀቂያ ችላ ብሎ ገመድ መሰካት፣ በውሃ ውስጥ 5 ቮልት ማሳለፍ ስለሆነ፣ የእግሮቹን ብረት በሰዓታት ውስጥ አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። ስልኩን ሩዝ ውስጥ መቅበር ብናኙን ወደ አፉ ከማስገባት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ጤፍ ውስጥ መቅበር ደግሞ ይብሳል፤ ፍሬዋ ራሷ በክፍተቱ ልትገባ ትችላለችና። አፉን ወደ ታች አድርጎ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ማቆየት ይበቃል።

ስልኩ ሲከፈት

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉድለቱ ከስልኩ ውስጥ መሆኑ ከተረጋገጠ የመጀመሪያው ጥያቄ ፒኑ የተተከለው የት ነው የሚለው ነው። በአንዳንድ ስልኮች ፒኑ በቀጥታ በዋናው ቦርድ ላይ ይበየዳል፤ በብዙዎቹ የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የሳምሰንግ ስልኮች ግን በግርጌው ባለች ትንሽ ቻርጅ ቦርድ ላይ ተበይዶ፣ ፍላት በሚባል ስስ ገመድ ከዋናው ቦርድ ጋር ይገናኛል። በዚህች ትንሽ ቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የድምፅ መቀበያው ማይክም አለ፤ የኔትወርክ አንቴና ሽቦም ብዙ ጊዜ እርሷ ዘንድ ያርፋል። እንግዲህ ቻርጅ አላደርግ ያለው ስልክ በዚያው ሰሞን ድምፁ ለሌላው ሰው አልሰማ ብሎ እንደሆነ ደንበኛውን መጠየቅ ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል፤ ሁለቱ አብረው ከጠፉ ጥርጣሬው ከፒኑ ይልቅ በፍላቱ ወይም በቦርዷ ላይ ይጠነክራል፤ ከወደቀ በኋላ የተነቀለ ፍላት መልሶ መጫን ደግሞ ምንም ዕቃ አይጠይቅም።

የስልኩ መለያ ቁጥር የሚቀመጠው በዋናው ቦርድ ላይ ስለሆነ ቻርጅ ቦርድ መቀየር ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. የጀመረውን የስልኮች ምዝገባ አይነካም። የቦርዷ ጥራት ግን የመሙላቱን ፍጥነት ይነካል። ኮፒ ቦርዶች አንዳንዶቹ የፈጣን ቻርጅ አካላት ስለሚጎድላቸው፣ ስልኩ ከጥገና በኋላ ይሞላል፤ የሚሞላው ግን ቀድሞ በፈጀበት ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከሞቱ ስልኮች የወጣ ኦሪጅናል ቦርድ ከአዲስ ኮፒ የሚመረጠው። ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 የቴክኖ ስልኮችን በኢትዮጵያ መገጣጠም ከጀመረ ወዲህ አንድ ዓይነት ስልክ በብዛት በአገሩ መኖሩ ለዚህ ሥራ ትልቅ ጥቅም ነው። በምናለሽ ተራ አሮጌ ብረትና ቁራጭ ዕቃ ሁሉ ሌላ ሕይወት የሚያገኝበት ልማድም ከዚህ ሥራ ጋር አንድ መንፈስ አለው፤ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 425/2010 በወጣበት አገር፣ ዕቃን ፈትቶ የሚሠራውን ክፍል ማትረፍ ከሁሉ ንጹሕ የሆነው የማስወገጃ መንገድ ነው።

ፒኑ በቦርድ ላይ የተበየደ ከሆነ ከመነቀሉ በፊት መልቲሜትር ይናገር። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ መለኪያው በዳዮድ ሁኔታ ላይ ተደርጎ ቀዩ ጫፍ በግራውንድ፣ ጥቁሩ በየእግሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ሁለቱ የመረጃ እግሮች ተቀራራቢ ቁጥር ሊያሳዩ ይገባል። አንዱ ከሌላው እጅግ ከራቀ መስመሩ ተበጥሷል ወይም ወደ ግራውንድ እየፈሰሰ ነው። 5 ቮልት የሚገባበት እግር ዜሮ ካሳየ መስመሩ ሾርት አድርጓል፤ ይህም ከፒኑ፣ መስመሩን ከሚጠብቁ ጥቃቅን አካላት ወይም ከቻርጅ አይሲው ሊመጣ ስለሚችል፣ አዲስ ፒን ብቻ በመበየድ አይፈታም።

መነቀሉ የማይቀር ሲሆን ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። እርሳስ የሌለበት የዘመኑ የፋብሪካ ሶልደር የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲሆን፣ እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት የቀድሞው በ183 ይቀልጣል። ልምድ ያለው ባለሙያ በፍላክስ ታግዞ የኋለኛውን ከፊተኛው ጋር በመጀመሪያ ያዋሕዳል፤ ድብልቁ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚለቅ ፒኑ ሳይጎተት ይነሣል። የሚቸኩል ሰው ሶልደሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ በወረንጦ ሲጎትተው፣ እግሮቹ የተበየዱባቸው ፓድ የሚባሉት የመዳብ ንጣፎች ከቦርዱ ተገንጥለው ይመጣሉ፤ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራም በማጉያ ሥር ፀጉር የሚያክል ሽቦ እየሳቡ ሰዓታት የሚፈጅ ጥገና ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜውም ዋጋ አለው። አንድ ባለሙያ ገመድ ቀይሮ፣ ብን አውጥቶ፣ ቅንብር አስተካክሎ ስልኩን ያለ ምንም አዲስ ዕቃ ሲመልስ «ምን ሠራህና» ተብሎ ክፍያ ከተከለከለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የማያስፈልግ ፒን እንዲቀይር ተገፋፍቷል። በመርካቶ ያለው የእጅ ሙያ ከፍተኛ ነው፤ የሚጎድለው ምርመራ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን አውቆ ዋጋውን አስቀድሞ የሚነጋገር ደንበኛና ይህንን ዋጋ ሳያፍር የሚጠይቅ ባለሙያ ነው።

ጥገናው ሲያበቃ የሚደረገው ፍተሻም ከዚሁ ክፍያ ጋር የሚቆጠር ነው። ስልኩ በባለቤቱ ፊት በገመዱ ሁለት ገጽ ይሰካል፤ በመለኪያው ላይ የሚታየው አምፔር ከጥገናው በፊት ከተመዘገበው ጋር ይነጻጸራል፤ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ አንድ ፋይል ይተላለፍበታል፤ በመጨረሻም ማይኩና የአንቴናው ሽቦ ወደ ቦታቸው መመለሳቸው እንዲታወቅ ከዚያው ከጠረጴዛው ላይ አንድ ጥሪ ይደረጋል።